መተማ በራሷ አንደበት

እ.ኤ.አ. በ1898 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የላኩት ሰላምታ በወረቀት የተጻፈ አልነበረም። ድምፃቸውን በፎኖግራፍ አስቀርጸው፣ ሰም በተቀባ በርሜል መሰል ዕቃ ላይ፣ በመልእክተኛቸው በጆን ሃሪንግተን እጅ ነው የላኩት። በሚቀጥለው ዓመት ምኒልክና ጣይቱ በዚያው መንገድ መለሱ። ንጉሠ ነገሥቱ የንግሥቲቱን ድምፅ በመስማታቸው መደሰታቸውን ከገለጹና ስለ ሁለቱ መንግሥታት ወዳጅነት ከተናገሩ በኋላ አንዲት ከተማ በስም ጠርተው ጉዳይዋን አነሡ። ከተማዋ በሱዳን ድንበር ላይ ያለችው መተማ ናት። ዐፄ ዮሐንስ ለሃይማኖታቸው የወደቁባት ስፍራ በመሆኗ የኢትዮጵያ ሕዝብ ልብ ከእርሷ እንዳልተለየ ተናግረው፣ ለኢትዮጵያ እንድትሆን ንግሥቲቱ እንዲያግዟቸው ጠየቁ። ይህ ድምፅ ዛሬም አለ። የቪክቶሪያው ግን የለም፤ ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ራሳቸው አዝዘው ነበርና ጠፋ። እንግዲህ ከተቀረጹት የኢትዮጵያውያን ድምፆች መካከል ከቀደምቶቹ በአንዱ ውስጥ የመተማ ስም አለ ማለት ነው። በዚያ ድምፅ ውስጥ ግን ስለ መተማ ይነገራል እንጂ መተማ አትናገርም። ከዚያ ወዲህ ባለፉት መቶ ሃያ ምናምን ዓመታትም ነገሩ ብዙ አልተለወጠም። የከተማዋ ታሪክ በተጓዦች፣ በጦር አዛዦችና በዲፕሎማቶች አፍ ተነግሯል፤ የነዋሪዎቿ ድምፅ ግን ተቀድቶ፣ ተሰምቶ፣ ተጠብቆ አያውቅም ማለት ይቻላል። ይህን ጉድለት ነዋሪው ራሱ ነዋሪውን እየጠየቀና እየቀዳ መሙላት አለበት ብዬ አምናለሁ። ሥራው ለታሪክ ከሚሰጠው ጥቅም በላይ፣ በከተማዋና በዙሪያዋ ባለው ቆላ አብሮ የሚኖረውን ሕዝብ የሚያቀራርብ ሥራ ነው።

የጥንቱን መተማ የምናውቀው በዚያ ባለፉ ሰዎች ብዕር ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1772 መጀመሪያ ከጎንደር ወደ ስናር ሲወርድ፣ በዚያ ዘመን ራስ አል-ፊል ይባል በነበረው በዚህ ቆላ ታሞ ሁለት ወር ያህል ቆየ። የአካባቢው ሹም ያሲን ወዳጁ ነበር። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በ1862 መጣ፤ የእንግሊዝ መልእክተኛው ሆርሙዝድ ራሳምና ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ ደግሞ በ1865 መጨረሻ ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ ሲጓዙ መተማ ላይ አጃቢ ጠብቀዋል። ሁሉም ጽፈዋል፤ የጻፉትም ባይኖር ኖሮ ብዙ ነገር በጠፋን ነበር። ከጽሑፎቻቸው ውስጥ ተክሩሪ የሚባሉት ሙስሊሞች ጎልተው ይወጣሉ። ከዳርፉርና ከእርሱም ወዲያ ካሉት የምዕራብ አገሮች ወደ መካ ለመሄድ ተነሥተው በዚህ የቀሩ ሐጃጆች ናቸው፤ ጥጥ ያለማሉ፣ ገበያውን ያስተዳድራሉ፣ በራሳቸው ሼኽ ይመራሉ። በቤከር ዘመን ሼኹ ጁማ ይባሉ ነበር። በሁለት ኃያላን መካከል ለመኖር ሲሉም ለኢትዮጵያም ለግብፅም ግብር ይከፍሉ ነበር። ከደጋ ቡና፣ ሰም፣ ቆዳና በቅሎ ይወርዳል፤ ከሱዳን በኩል ልብስና ሸቀጥ ይመጣል። የጎንደር ነጋዴ፣ ጀበርቲው፣ ዐረቡ፣ ተክሩሪው፣ ጉሙዙና አገው አንድ ገበያ ላይ ይውሉ ነበር። ይህ ሁሉ ሰው በምን ቋንቋ ይዋዋል እንደነበር፣ ዱቤ የሚሰጠው በማን ዋስትና እንደነበር፣ ጠብ ሲነሣ ማን ይሸመግል እንደነበር ግን መንገደኞቹ እምብዛም አልጠየቁም። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ንዳዱና ስለ ራሳቸው ጉዞ መጻፍ ይበልጥባቸው ነበር። ከተማን ከተማ የሚያደርገው ግን እነርሱ ያለፉት ነገር ነው።

ያን ገበያ አሳምሮ ብቻ መናገር ደግሞ ሌላ ግፍ ነው። ሰው ይሸጥበት ነበር። ቤከር የባሪያ ነጋዴዎቹን ሰፈርና ከደጋው ማዶ የመጡትን ልጃገረዶች ያየው እዚሁ ነው። ጉሙዞች ከሁለቱም በኩል፣ ከደጋውም ከሱዳኑም፣ ለዘመናት እየታደኑ ተወስደዋል። የንግድ መዝገብ የሚጽፈው ሻጭና ገዢ ነው፤ የተሸጠው ሰው መዝገብ አልጻፈም። በቋራና በመተማ ወረዳ የሚኖሩ የጉሙዝ ቤተሰቦች ከአያት ቅድመ አያት የተቀበሉት ትረካ ከሌለ፣ የዚያ ዘመን ታሪክ ምን ጊዜም ከገበያው ወንበር ላይ ከተቀመጠው ሰው ዐይን ብቻ የታየ ሆኖ ይቀራል። ስለ ሰዎች መቀራረብ የሚናገር ሁሉ ከዚህ መጀመር አለበት። የአንዱን ጌትነትና የሌላውን መከራ ሁለቱም ወገኖች በአንድ ስፍራ ተቀምጠው ካልሰሙት፣ “አብረን ኖረናል” የሚለው ቃል ከላይ የተለጠፈ ይሆናል።

የመተማ ስም ከገበያው ይልቅ በጦርነቱ ይታወቃል። በ1879 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መተማን መትተው ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት አቡ ዐንጃ የድርቡሽን (የሱዳን መሐዲስቶችን) ጦር ይዞ ሣር ውኃ ላይ ድል አድርጓቸው ጎንደር ድረስ ዘለቀ፤ አብያተ ክርስቲያናቱም ተቃጠሉ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ገጠሙ። የኢትዮጵያ ጦር የድርቡሽን ቅጥር ጥሶ ገብቶ ድል ሊያደርግ ሲቃረብ ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ቆሰሉ፤ በማግስቱም ዐረፉ። የድርቡሹ አዛዥ ዘኪ ጠማል ያፈገፈገውን ጦር ተከታትሎ ሬሳውን ማረከ፤ የተቆረጠው ራስም ወደ ኦምዱርማን ተላከ። ይህን ታሪክ ኢትዮጵያዊ በለቅሶና በቀረርቶ ተቀብሎታል፤ ከተማዋም መተማ ዮሐንስ ተብላለች። ከድንበሩ ማዶ ያለው ሱዳናዊ ደግሞ በዚያ ቅጥር ውስጥ ያለቁ ብዙ አያቶች አሉት፤ ጎንደርን የወረረውን ጦር የሚያስታውሰውም በሌላ ስሜት ነው። ሁለቱንም የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር አለ፤ በሁለቱም ትረካ ውስጥ መተማ የጦር ሜዳ ናት። ከጦርነቱ በፊት እዚያ ጥጥ ይዘራ የነበረው ሰው ወዴት ሸሸ? ከዚያ በኋላ ማን ተመልሶ መጣ? የዚህ መልስ ከተረፈ የተረፈው በቤተሰብ ትዝታ ውስጥ ነው።

የምኒልክ ጥያቄ በግማሽ መልስ አግኝቷል። የእንግሊዝና የግብፅ ጦር አስቀድሞ በ1898 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከጅረቱ ማዶ ያለችውን ጋላባትን ይዞ ነበር፤ በኋላም ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የድንበር ውል መተማን ለኢትዮጵያ፣ ጋላባትን ለሱዳን አደረገ። አንድ የነበረውን ገበያ ጅረት ለሁለት ከፈለው። በውሉ ላይ የሁለት መንግሥታት ፊርማ አለ፤ ወንዙን ተሻግሮ የሚጋባውና የሚነግደው ሰው ተጠርቶ አልተጠየቀም። በጥቅምት 1933 ዓ.ም. ደግሞ ዊሊያም ስሊም የሚመራው የሕንድ ብርጌድ ጋላባትን ከጣሊያን አስለቅቆ መተማን መያዝ አቃተው። ስሊም በኋላ ፊልድ ማርሻል ሆኖ ስለዚያ ውጊያ ጽፏል፤ እንደ ብሩስና እንደ ቤከር ሁሉ የእርሱም ብዕር በእጃችን ነው። በ1969 ዓ.ም. ደርግን የሚወጋው የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኅብረት (ኢዲዩ) ከሱዳን ተነሥቶ መተማንና ሑመራን ያዘ፤ ደርግ መልሶ ነጠቀው። በ1977 ዓ.ም. ረኀብና ጦርነት የገፋቸው ሰዎች፣ ከእነርሱም ጋር ቤተ እስራኤላውያን፣ በዚሁ ቆላ አቋርጠው ወደ ገዳሪፍ ተሰደዱ። በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. በመንግሥት የሰፈራ ፕሮግራም ከደጋ ወረዳዎች ብዙ አባወራዎች ወደ መተማና ቋራ ወረዱ። በየዓመቱም ሰሊጥ ሲታረምና ሲታጨድ ሳሉግ የሚባለው የቀን ሠራተኛ ከየአገሩ ይጎርፋል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ጦርነት ከካርቱም ያሸሻቸው ሱዳናውያን በመተማ ገብተው በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ሰፍረው ነበር፤ እነዚያም መጠለያዎች በጸጥታ ችግር ተዘጉ። እንዲህ ያለ ከተማ ነባሩና መጤው የማይለይበት ነው፤ ትናንት የመጣው ዛሬ ነባር ነው። ነዋሪው እርስ በርሱ የሚተዋወቀው በሥራና በገበያ እንጂ በታሪክ አይደለም። የጎረቤቱ አባት ከየት፣ ለምን፣ በምን መንገድ እንደመጣ ያልሰማ ሰው፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ጎረቤቱን በወሬ ብቻ ይመዝነዋል።

ድምፅ መቅዳት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ተሰማ እሸቴ በ1900ዎቹ መጀመሪያ ጀርመን ሳሉ ሸክላ አስቀርጸዋል፤ አምሐ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. የጀመረው አምሐ ሬኮርድስ የአዲስ አበባን ሙዚቃ በሸክላ አትሟል፤ እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምም የቃል ቅርስ ሲያሰባስብ ኖሯል። ሁሉም ትልቅ ሥራ ነው። ግን መዝጋቢው ወደ ደጋ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ከተማ ዘፋኝ አዘነበለ፤ ቆላው ሩቅና ንዳዳም ነበር። ከዚህ አካባቢ የወጡ ሰዎች ድምፃቸው በወጉ የተቀዳው አንዳንዴ ባሕር ከተሻገሩ በኋላ ነው። የቤተ እስራኤልን ዜማ የሙዚቃ ተመራማሪዋ ኬይ ሸለመይ እ.ኤ.አ. በ1973 ጎንደር ውስጥ አጥንታለች፤ በ1986 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች እስራኤል የገቡትን ቄሶች ጸሎት በሰፊው ቀድተዋል። ለእነዚያ ቄሶች የተደረገው ለቀሩት አልተደረገም። ለምሳሌ በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከአካባቢው ቋንቋዎች አንዱ የሆነው ቅማንትኛ አፍ መፍቻዬ ነው ያለው ሰው 1,650 ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዐሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ ያኔ ይናገሩ የነበሩት አብዛኞቹ አዛውንት ነበሩ። መዝጋቢ ባይመጣም የቆላው ሰው ግን ራሱ ቀድቷል፤ ይህን አለመዘንጋት ይገባል። በደርግ ዘመን ወደ ሱዳን የተሰደደው ኢትዮጵያዊ ደብዳቤ መጻፍ ባይችል ወይም ቢፈራ፣ ድምፁን በካሴት ቀድቶ ለሚያምነው መንገደኛ ይሰጥ ነበር። ቤተሰብ ተሰብስቦ ይሰማል፤ ያለቅሳል፤ በዚያው ካሴት ላይ መልሱን ይቀዳል። የስንት እናት ድምፅ፣ የልጅ ድምፅ ተቀድቶበት ጠፍቷል! የሱዳን ዘፈንም፣ መሐመድ ወርዲን ጨምሮ፣ በካሴት ተሻግሮ የኢትዮጵያን ጆሮ ያዘ። የምናገርለት ሥራ እንግዲህ ከውጭ የሚመጣ ፈሊጥ ሳይሆን እዚሁ የነበረ ልማድ ነው፤ ያጣው ነገር ማስቀመጫ ስፍራና የጋራ አድማጭ ነው።

የጋራ አድማጭ ያልኩት ለምክንያት ነው። ተመራማሪ መጥቶ፣ ቀድቶ፣ ይዞ ቢሄድ ለሳይንስ ይጠቅማል፤ ለጎረቤታሞች ግን የሚፈይደው ጥቂት ነው። ልዩነቱ የሚመጣው የተክሩሪዎችን ታሪክ የሰፋሪ ልጅ ሲጠይቅ፣ የሰፋሪውን የጉሙዝ ወጣት ሲጠይቅ፣ የተቀዳውም ተመልሶ ሰፈር ውስጥ በአንድነት ሲሰማ ነው። ጠያቂ መሆን ዝቅ ብሎ መቀመጥን ይፈልጋል፤ ለአንድ ሰዓት ሳያቋርጡ ማዳመጥን ይፈልጋል። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በሽምግልና ሥርዓት ከፍርድ በፊት እያንዳንዱ ወገን ሳይቋረጥ ይናገራል፤ ሽማግሌው አንዱ ሲናገር ሌላውን ዝም ያሰኛል። ዕርቁ የሚጸናው ሁለቱም መሰማታቸውን ሲያውቁ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ በሌላ አገርም ተሞክሯል፤ በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን፣ ዲስትሪክት ሲክስ የሚባለው ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1966 ለነጮች ብቻ ይሁን ተብሎ ታወጀ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታትም ከ60,000 በላይ ሰው ከቤቱ ተባረረ። በ1994 የተከፈተውን ሙዚየም የሠሩት የሰፈሩ የቀድሞ ነዋሪዎች ራሳቸው ሲሆኑ፣ መንገዱን፣ ቤቱን፣ ዘፈኑን የመዘገቡት በራሳቸው ትዝታና በራሳቸው ድምፅ ነው። ያ ሰፈር ሙስሊምም ክርስቲያንም፣ ብዙ ቋንቋ ተናጋሪም የነበረበት ነው፤ ከመተማ ጋር የሚያመሳስለው ይህ ነው።

የሰው ትዝታ ይሳሳታል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እውነት ነው። ሰው ዓመት ያቀላቅላል፣ ያልነበረበትን ውጊያ ነበርኩበት ይላል፣ የዘመዱን ጥፋት ይሸፍናል። ነገር ግን ብሩስም አገሩ ገብቶ ሲናገር ብዙዎች ዋሽቷል ብለው አላመኑትም ነበር፤ ጄኔራልም ማስታወሻውን ሲጽፍ ለራሱ ያደላል። የጽሑፍ ምንጭን በሌላ ምንጭ እየመዘንን እንደምንቀበል የድምፅንም እንዲሁ ማድረግ ይቻላል። እንዲያውም ስለ አንድ ነገር የተለያየ ቃል የሚሰጡ ዐሥር ሰዎች ድምፅ፣ ነገሩ በየቤቱ ምን ያህል በተለያየ መንገድ እንደቆሰለ ይነግረናል። አንድ ወጥ ታሪክ ይውጣ ከተባለ ግን ሥራው ይበላሻል፤ አንዱ ወገን የሌላውን ትዝታ ማረም ይጀምራልና።

ከዚህ የከበደው ተቃውሞ ቁስል ይቀሰቅሳል የሚለው ነው። መተማ የምትገኝበት ምዕራብ ጎንደር ዞን ሆኖ ከተቋቋመ ጀምሮ ብዙ ደም አይቷል። በአማራና በቅማንት መካከል በተነሣው ግጭት ሰው ሞቷል፣ ቤት ተቃጥሏል፤ በድንበሩ በኩል ከሱዳን ጦር ጋር ግጭት ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የአማራ ክልል ጦርነት ውስጥ ገብቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የተቀዳ ቃል በሰው ላይ ማስረጃ ሊሆን፣ ነገ የበቀል ሰበብ ሊሆን ይችላል። ይህን ስጋት አቃልሎ የሚያልፍ ሰው ይህን ሥራ ባይነካው ይሻላል። መልሴ ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ ከቅርቡ ግጭት አይጀመር። ከገበያው፣ ከመንገዱ፣ ከሰሊጡ፣ ከእጣኑ፣ ከሠርጉና ከለቅሶው ይጀመር፤ በ1969 እና በ1977 ዓ.ም. የሆነው ይከተል፤ የትናንቱ ራሱ ጊዜውን ጠብቆ ይመጣል። ሁለተኛው ከንግሥት ቪክቶሪያ የምንማረው ነው። እርሳቸው ድምፃቸው ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ አዘዙ፤ ተፈጸመላቸው። ባለ ዘውዷ የነበራቸው መብት የመተማ ጎመን ቸርቻሪም ሊኖራት ይገባል። የተናገረ ሰው ይዘጋልኝ፣ ይጥፋልኝ፣ ከሞትኩ በኋላ ይሰማ፣ ስሜ አይጠራ ሊል ይችላል፤ ቃሉም ያለ ክርክር መፈጸም አለበት። ይህ በጽሑፍ ካልተረጋገጠ አንድም ሰው እንዲናገር መጠየቅ አይገባም።

ሌሎች ደግሞ ዛሬ ሁሉም ሰው ስልክ አለው፣ ሁሉም ይቀዳል፣ ምን ተጨማሪ ያስፈልጋል ይላሉ። በስልክ የተቀዳው ግን ስልኩ ሲሰበር ወይም ሲሰረቅ ይጠፋል፤ የቀረውም ተቆርጦ፣ ከዐውዱ ወጥቶ፣ ለስድብ ይውላል። ካሴቱ ላይ የደረሰው ጥፋት በስልክም እየተደገመ ነው። ማኅበረሰቡ የሚቀዳው ድምፅ ሙሉው የሚቀመጥበት፣ ቀንና ቦታ የሚጻፍበት፣ ቅጂው በሁለትና በሦስት ስፍራ የሚጠበቅበት ነው። እንጀራ ባጣ ሕዝብ መካከል ስለ ድምፅ ማውራት ቅንጦት ነው የሚለውን ግን አልቀበለውም፤ የሰሊጡ ገበያ የሚቆመው፣ ገበሬው ከእርሻው የሚሸሸው መተማመን ሲጠፋ ነውና።

ይህ ሁሉ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533/1999 የማኅበረሰብ ሬዲዮን ከሕዝብና ከንግድ ጣቢያዎች ለይቶ ፈቅዶ ነበር፤ ዋግ ኽምራን የመሰሉ አካባቢዎች በዚያ መንገድ የራሳቸውን ጣቢያ አቁመዋል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የቋንቋና የታሪክ መምህራን አሉት፤ ቅጂ ማስቀመጫ ሊሰጥና ወጣቶችን ሊያሠለጥን ይችላል። ዋናው ቅጂ ግን በዞኑ መቀመጫ በገንዳ ውኃና በመተማ ዮሐንስ ይቀመጥ፤ ጥያቄውንም የአካባቢው ወጣቶች በአማርኛ፣ በዐረብኛና በጉሙዝኛ፣ የሚችል ከተገኘም በቅማንትኛ ይጠይቁ። የሚቻል ከሆነ ጋላባትና ገዳሪፍ ያሉ ቤተሰቦችም ይካተቱ፤ ውሉ የከፈለው ገበያ የእነርሱም ነበረና። ኢዲዩ መተማን ሲይዝ በዐሥራ አምስት ዓመቱ ያየ ልጅ ዛሬ ስልሳውን አልፏል፤ የጣሊያንን ጦርነት ያዩት አልፈዋል ማለት ይቻላል። ስለዚህ ይህን የምታነቡ የመተማ፣ የቋራ፣ የምዕራብ አርማጭሆ ልጆች፣ አዲስ አበባም ካርቱምም ቴል አቪቭም ሁኑ፣ መሥሪያ ቤት እስኪቋቋም አትጠብቁ። በቤታችሁ ያሉትን አዛውንት ፈቃዳቸውን ጠይቁ፣ ሳታቋርጡ ቅዱ፣ ቀኑንና ቦታውን ጻፉ፣ አንድ ቅጂ ሌላ ሰው ዘንድ አስቀምጡ፤ ከዚያም ከእናንተ ወገን ያልሆነ አንድ ጎረቤት ዘንድ ሂዳችሁ ያንኑ ጠይቁ።